የሰዓዳ ቀሚስ

ዓይኔ ክር ከመርፌ ማገናኘት እምቢ ብሎኝ ሥራ ካቆምኩ ወዲህ፣ ቤቴ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ አንድ ነገር ሳይጠይቀኝ አይሄድም። «እማማ ሉባባ፣ ድሮ ሥራዎ ምን ነበር?» ይለኛል። አሻንጉሊት ስሰፋ ነው የኖርኩት እለዋለሁ። ፈገግ ይልና «አይ እሱማ ለጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ እኔ ዋናውን ማለቴ ነው» ይላል። ወላሂ እንዲህ ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ልጆቼን ያሳደግኩበት፣ ጀርባዬ የጎበጠበት፣ የጣቴ ጫፍ እንደ ቆዳ የደደረበት ሥራ ነው። ዋና ያልሆነው ምኑ ላይ ነው?

እንግዲህ የሚስቀው ይሳቅ፣ እኔ ልናገር። ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ የሴቶች የእጅ ሥራ ማኅበር ነበረን። ባሌ ጅቡቲ ሄጄ እልክልሻለሁ ብሎ እንደወጣ የቀረ ጊዜ ነው ወደዚያ የገባሁት። መጀመሪያ መርፌ እንኳ አላስነኩኝም። ሥራዬ ገበያው ውስጥ ካሉት ልብስ ሰፊዎች ዘንድ እየዞርኩ ለአሻንጉሊት ልብስ የሚሆን ቁርጥራጭ ጨርቅ መልቀም ነበር። ከስፌት መኪናው ሥር ተንበርክኬ ስለቅም አንዱ ልብስ ሰፊ «ሉባባ መጣች፣ መጥረጊያ አያስፈልገንም» እያለ ያሾፍብኝ ነበር። እኔም «ዝም ብለህ ቁረጥ፣ ጠማማ ስትቆርጥ ነው ለኔ የሚተርፈኝ» እለው ነበር። ክፍያው መጀመሪያ ላይ ለስኳርና ለሳሙና ያህል ነበር፤ ከዚያ በላይ ስለ ገንዘብ የማወራው የለኝም።

ሥራውን ያስተማሩኝ እትዬ ስንዱ ናቸው፣ ነፍሳቸውን ይማር። የአምባሰል ሰው ናቸው፤ ከግሸን ሥር ካለ መንደር ለሐይቅ ሰው ተድረው የወረዱ። ቁመታቸው አጠር ያለ ነው፤ ንግግራቸው ደግሞ ከቁመታቸው የባሰ አጭር። አንድ ነገር ሲያሳዩ ለምን እንደዚያ እንደሚሆን አይነግሩም። «እንዲህ ነው» ይላሉ፤ የገባው ገባው፣ ያልገባው ተርትሮ እንደገና ይሰፋል። እኔ ስንቱን ተረተርኩ! ሙሉ ቀን የሰፋሁትን ክንድ አንስተው አንዴ አየት ያደርጉና ምንም ሳይሉ መልሰው ጭኔ ላይ ያኖሩታል። ቢቆጡኝ ምን ነበረበት እያልኩ ብዙ ቀን አልቅሻለሁ።

የአሻንጉሊቷን አካል የምንቆርጠው ከአቡጀዲ ነው። በግልባጩ ሰፍተን እንመልሰዋለን፣ ስፌቱ ወደ ውስጥ እንዲቀር። ከዚያ መሙላት ይመጣል፤ አሻንጉሊት የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ጀማሪ ሁሉ ከመሃል ይጠቀጥቃል። ሆዷ ይነፋና እግሯ እንደ ባዶ ካልሲ ይንጠለጠላል። እትዬ ስንዱ የሚጀምሩት ከእግር ጣት ነው። ታጥቦ የተባዘተ የበግ ጠጉር ቆንጠር እያደረጉ በእንዝርት ጫፍ ወደ ጥግ ይገፉታል፣ ይጫኑታል፣ በአውራ ጣታቸው ዳበስ አድርገው ጎድጎድ ያለበትን ይፈልጋሉ፣ ደግመው ይሞላሉ። አንድ እግር ለመሙላት የሚፈጅባቸው ጊዜ እኔ ሙሉ አሻንጉሊት የምጨርስበት ነበር። ብጣሽ ጨርቅ ግን ቢሞቱ አይሞሉም፤ ጨርቅ አንዴ ውሃ ከነካው ይጓጉልና አቅፎት የሚተኛውን ልጅ ጎን ይወጋል። ሆዷ ውስጥ ደግሞ ከሐይቁ ዳር የመጣ፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የደረቀ አሸዋ በትንሽ ከረጢት አድርገው ይሰፋሉ። ለምን እንደሆነ አንድ ጊዜ ደፍሬ ጠየቅኋቸው። «ልጅ ክንዱ ላይ ሰው እንዳለ ይታወቀው» አሉኝ።

ፊትን በተመለከተማ የራሳቸው ሕግ ነበራቸው። እኛ ዘንድ እስላሙም ክርስቲያኑም ግድግዳ ተካፍሎ፣ አንዳንዱም ቤት ተካፍሎ ነው የሚኖረው። ዓይንና አፍ ያለው ምስል ቤቱ እንዲገባ የማይወድ እስላም አለ፤ ምን ችግር አለው የሚልም አለ። እትዬ ስንዱ ማርያምን ጠርተው የማይጠግቡ ክርስቲያን ናቸው፤ ግን ቤቱን ሳይጠይቁ ፊት ላይ መርፌ አያሳርፉም። «ዓይን ይሠራላት ወይስ ይቅር?» ብለው ይጠይቃሉ። ይቅር ከተባለ ይቀራል። ፊት የሌላትን አሻንጉሊት ግን እንደ ጎደለች አድርገው አይሰፏትም ነበር። ጠጉሯን የበለጠ ያሳምሩላታል፣ ሻሿን በሁለት ዙር ያስሩላታል።

መስፋት ግማሹ ሥራ ነው። ግማሹ መሰብሰብ ነበር። ያደጉ ልጆች የጣሏቸውን አሻንጉሊቶች ከየቤቱ እንሰበስባለን፣ እናጥባለን፣ እንጠግናለን፣ ሌላ ቤት እንፈልግላቸዋለን። ስንት ዓይነት መጥቶልናል! ጆሮዋ የታኘከ፣ አንድ እግሯ በሽቦ የታሰረ፣ ሙሽራ ከሰርጓ ማግስት «እኔ እንግዲህ ትልቅ ሰው ሆኛለሁ» ብላ በፌስታል ያመጣቻት፣ ግን እስከ በሩ ድረስ ሦስቴ እየተመለሰች የሳመቻት። አንድ ጊዜ ደግሞ ከዱባይ የተመለሰ ሰው፣ ሆዷን ሲጫኗት የምትዘፍን የላስቲክ አሻንጉሊት ይዞ መጣ። ባትሪዋ ሊያልቅ ሲል ድምጿ እየጎረነነ ሄዶ ልጆቹ በፍርሃት ቤት ጥለው ወጡ አለን። እትዬ ስንዱ ገልበጥ አድርገው አዩዋትና ሆዷን በቢላ ከፍተው ያን የሚዘፍን ነገር አወጡት፤ በበግ ጠጉር ሞልተው ሰፏት። «አሁን ዝም ትላለች፣ ውሰድ» አሉት። ሰውየው በሳቅ ሞተ። ልጆቹ ግን ከዚያ ወዲያ አቅፈዋት ይተኙ ጀመር።

አዲሱ ቤት ሲገኝ እትዬ ስንዱ ራሳቸው ናቸው የሚወስዷት። እንዴት እንደሚሄዱ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም የኔ ጉድ የመጣው ከዚህ ነው። ከቀትር በኋላ እንጂ ጠዋት ሄደው አያውቁም። ብቻቸውን ወይ ከኔ ጋር እንጂ ሰው አያስከትሉም። አሻንጉሊቷን ክንዳቸው ላይ አድርገው፣ ምንም ሳይሸፍኗት፣ ቀሚሷ ከሩቅ እንዲታይ አድርገው ነው በመንደሩ መሃል የሚያልፉት። ቤቱ ሲደርሱ በርጩማ ቢቀርብላቸውም መሬት ይቀመጣሉ። አሻንጉሊቷን ጭናቸው ላይ ያኖሩና ከቤቱ ሰው ጋር ስለ ዝናቡ፣ ስለ ከብቱ ያወራሉ። ልጅቱን ዞር ብለው አያዩዋትም። ልጅቱ ራሷ ቀስ በቀስ ተስባ መጥታ «ማናት?» ስትል ያን ጊዜ ነው «አንቺ ንገሪኝ እንጂ» ብለው የሚሰጧት። እኔ ግን አቧራው ነበር የሚያንገበግበኝ። ያን ያህል ተለፍቶበት! «እትዬ፣ ለምን በነጠላ አንጠቀልላትም? አቧራ ጠጣች እኮ» አልኳቸው። «አቧራ ይራገፋል» አሉኝ። ገዢ እንዲያይላቸው ለማስተዋወቅ መስሎኝ ነበር።

ጦርነቱ መጥቶ ከሄደ በኋላ ሥራችን በዛ። የተሰደደው ሲመለስ ልጁን እንጂ የልጁን ነገር ይዞ አልተመለሰም። ያን ጊዜ የተሾመልን ሥራ አስኪያጅ አሻንጉሊቶቹ በማዳበሪያ ጆንያ ተጭነው፣ አደባባይ ላይ ልጆች ተሰልፈው፣ ካሜራ ቆሞ ይታደሉ አለ። እትዬ ስንዱ መርፌያቸውን ጨርቁ ላይ ሰክተው ብድግ አሉ። «ልጄ፣ ይሄ ስንዴ ነው እንዴ?» አሉት። ሰውየው ተቆጣ፣ ጠረጴዛ ደበደበ። እሳቸው በየቤቱ እየዞሩ ማደሉን ቀጠሉ፤ እስኪደክማቸው፣ እግራቸው እስኪያብጥ ድረስ። በዚያው ክረምት እግራቸው ጨርሶ አላስኬድ ብሎ ቤት አዋላቸው።

ሰይድ የመጣው እሳቸው በተኙ ሰሞን ነው። ሰይድ ውጫሌ ላይ ባጃጅ የሚነዳ ጎልማሳ ነው። እህቱ ሰዓዳ ሳውዲ ሰው ቤት ለመሥራት ሄዳለች። ድምጿ ከጠፋ ዓመት አልፏል። ስልኳ አይሠራም፣ ያገናኛት ደላላም የለም። ልጇን ረውዳን የሚያሳድጓት የሰይድ እናት ናቸው፣ እማማ ዘሀራ ይባላሉ፤ ቤታቸው ከውጫሌ በላይ፣ አምባሰል ተራራ ሥር ነው።

«ረውዳ የእናቷን ቀሚስ ከችንካሩ እያወረደች ትለብሰዋለች» አለኝ ሰይድ። «መሬት እየጠረገች፣ እየተጠላለፈች ትወድቃለች። እናቴ ተቆጥታ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። ልጅቱ እንቅልፍ የላት፣ እህል የላት። እታለም፣ አሻንጉሊት አርጊላት ከሱ፤ ታቅፋው ትተኛ።» ከፌስታሉ ቀሚሱን አወጣው። አረንጓዴ መደብ ላይ ነጭ አበባ ያለበት፣ ሰፊ፣ ከታች የተዘመዘመ።

«እናትህ ያውቃሉ?» አልኩት።

«ከሳጥኑ ያወጣሁት ሳታየኝ ነው። ልንገራትና ለምን ትበሳጭ? ልጅቱ ስትደሰት ስታይ እሷም ደስ ይላታል።»

እኔም መሰለኝ። ደግ ነገር ነው የምንሠራው ብዬ ነው በሙሉ ልቤ የቆረጥኩት። ከፊት ለፊት፣ ከጉልበት በታች ካለው ሰፊ ቦታ ለአሻንጉሊቷ ቀሚስ፤ ከእጅጌው ደግሞ ሻሽ። ፊት ይሠራላት ወይ ስለው ይቅር አለኝ። አካሏን ከእግር ጣት ጀምሬ ሞላሁ፣ እንደተማርኩት። እስከዚያ ድረስ ከሠራሁት ሁሉ እሷን ያህል ያማረ አልሠራሁም። የሰዓዳን አበቦች አንድም ሳይቆረጥ ደረቷ ላይ አስገብቼላት ነበር።

ክረምት ስለነበር ከቀትር በኋላ ወንዙ እየሞላ ባጃጁን አያሳልፍም። ስለዚህ በማለዳ እንሂድ አለ ሰይድ። ውጫሌ ዘመድ ቤት አድሬ፣ የሱብሂ ሶላት እንዳለቀ ተነሣን። እያካፋ ነበር። እንዳትረጥብብኝ ብዬ አሻንጉሊቷን በነጭ ነጠላ ጠቀለልኳት። መንገድ ላይ ሸህ ዑመርን አገኘናቸው፤ የመንደሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ወደ ቤታቸው በእግራቸው ሲሄዱ ሰይድ አሳፈራቸው። መኪና መንገዱ ካለቀበት ወርደን በእግር ቀጠልን። ሸህ ዑመር በከዘራ ከፊት፣ እኔ ነጩን ጥቅል በሁለት እጄ ታቅፌ ከመሃል፣ ሰይድ ጭቃውን እያየ አንገቱን ደፍቶ ከኋላ።

ያገሬ ሰው ይሄን ሲሰማ አሁን እጁን አፉ ላይ ጭኗል። ለማያውቅ ግን ልናገር። እኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው፣ የቤቱ ሰው ወደ ሥራው ሳይበተን። ነጋሪ ብቻውን አይሄድም፤ ሽማግሌ ይቀድማል፣ ዘመድ ይከተላል። ልጁ ዐረብ አገር የሄደችበት ቤት ደግሞ ጠዋት ጠዋት ወደ መንገዱ ሳያይ አይውልም። እኛ ሦስታችንም ይሄን እናውቃለን። ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ሦስታችንም ግን ልባችን ደስታ የምናደርስ ሆኖ ስለነበር አንዳችንም አላሰብነውም።

እማማ ዘሀራ በረቱ ደጃፍ ላም እያለቡ ነበር። ቀና ሲሉ አዩን። ማለቢያው ከእጃቸው ወደቀ። ከዚያ «ሰዓዳዬን! ልጄን! ልጄን!» ብለው ጮኹ። እንዲህ ያለ ጩኸት ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። ደረታቸውን እየደቁ ወደ እኛ ሮጡ፣ ጭቃው አዳልጦ ጣላቸው፣ ተነሡ፣ ደግሞ ወደቁ።

«እማ! ኧረ አይደለም! እማ፣ አሻንጉሊት ነው!» ይላል ሰይድ። ማን ይስማው! ከየቤቱ ሴቱ መቀነቱን እያጠበቀ፣ ወንዱ ጋቢውን እየጎተተ ደረሰ። ለቅሶው ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ እሳት ነው፤ ምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሸህ ዑመር ከዘራቸውን ከፍ አድርገው «ስሙኝ! ስሙኝ እንጂ!» ቢሉም የሳቸው እዚያ መገኘት ራሱ ምስክር ሆነባቸው።

እኔ ነገሩን ላበርድ ብዬ ነጠላውን ገለጥኩት። ያ ረቢ! ሰው የሚያየው ምን መሰላችሁ? የሰዓዳን ቀሚስ የለበሰ፣ ፊት የሌለው ትንሽ ገላ። እማማ ዘሀራ ጨርቁን ባንድ ጊዜ ለዩት። «ይኸው ልብሷ! ልብሷን አመጡልኝ!» ብለው ከእጄ ነጠቁኝና አፈር ላይ ተንበረከኩ። ዐረብ አገር የሞተች ልጅ ሻንጣዋ ከአስከሬኗ ቀድሞ የሚመጣባቸው ቤቶች ስላሉ፣ ጥቂት ተጠራጥሮ የነበረውም ሰው ያን ጊዜ አመነ። ለቅሶው በረታ።

ስንት ጊዜ እንደቆየ አላውቅም። ሸህ ዑመር በመጨረሻ እማማ ዘሀራን ትከሻቸውን ይዘው «ዘሀራ፣ በአላህ ይዤሻለሁ፣ መርዶ አይደለም። ልጅሽ ለረውዳ አሻንጉሊት አሰፍቶ ነው። የመጣ ወሬ የለም» አሏቸው። ሰዉ ቀስ በቀስ ዝም አለ። እማማ ዘሀራ ቀና ብለው ሰይድን አዩት። ፊታቸው ጭቃና እንባ ነው።

«አልሞተችም?»

«አልሞተችም እማ።»

«ማልልኝ።»

እኔ ከሰይድ አጠገብ ቆሜ በልቤ ማል እንጂ እለዋለሁ። ግን በምኑ ይማል? ዓመት ሙሉ ድምጿን አልሰማም። ያን ሁሉ ጊዜ በዚያ ቤት ማንም ማንንም ያልጠየቀውን ጥያቄ እኛ በጨርቅ ጠቅልለን አመጣነው።

«አንቺስ?» አሉኝ ወደ እኔ ዞረው። «አንቺ የማላውቅሽ፣ አንቺ ማይልኝ። ልጄ አለች?»

ሸህ ዑመር «አላህ ያውቃል፣ ዘሀራ፤ ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ» አሉ። ለቀስተኛው አንድ በአንድ ሹልክ እያለ ሄደ፤ አንዳንዷ ሴት ይቅርታም ማጽናናትም ምን እንደሚባል ጠፍቷት ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች።

ረውዳ በሩን ተደግፋ ቆማለች። ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። አሻንጉሊቷን አየቻት፣ ወደ እኔ አየችና «የእማዬን ቀሚስ ማነው የቆረጠው?» አለች። እማማ ዘሀራ አሻንጉሊቷን ደረቴ ላይ ወረወሩብኝ። «እንደነበረ አርገሽ መልሺልኝ። ልጄ ስትመጣ ምን ትልበስ?» አሉ።

ሐይቅ ተመልሼ በቀጥታ እትዬ ስንዱ ቤት ሄድኩ። አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሁሉንም ሰሙኝ። «ጠቅልለሽ?» አሉኝ። «አዎ እትዬ።» «በጠዋት?» «አዎ።» አልተቆጡኝም። አማተቡና «የሚካኤል ያለህ» ብቻ አሉ። ያን ጊዜ ነው ለምን ገልጠው እንደሚሄዱ፣ ለምን ቀትርን እንደሚጠብቁ የገባኝ። እንደ እናት እወዳቸዋለሁ፤ ግን አንዲት ቃል ነግረውኝ ቢሆን ብዬ ያን ቀን ተናደድኩባቸው፣ እሳቸውም አወቁት። «ልነግርሽ ይገባኝ ነበር» አሉኝ። ከሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ንዴቴ ሄዶ እንባዬ መጣ።

ከዚያ «ቀሚሱን አምጪው» አሉ። አሻንጉሊቷን ተረተርናት። እትዬ ስንዱ ዓይናቸው የኔን የዛሬውን ያህል አልደከመም ነበር። ከቀሚሱ የታች ዝምዝም ውስጥ የራሱን ክር እየመዘዙ አወጡ፤ ሌላ ክር ቢገባበት ቀለሙ ያስታውቃል። የቆረጥኩትን ቁራጭ ከክፍቱ ጋር አበባ ለአበባ አገጣጠሙ። ጠርዝ ለጠርዝ፣ ምንም ሳይደራረብ፣ ከውስጥ በኩል መርፌዋ የጨርቁን ግማሽ ውፍረት ብቻ እየነካች ነው የሰፉት። አምስት ስድስት ስፌት ሰፍተው ያርፋሉ፣ በጥፍራቸው ያስተኙታል፣ ይቀጥላሉ። እኔ የእጅጌውን ሰፋሁ፤ ሁለቴ አስተረተሩኝ። ሲያልቅ በጋለ ካውያ ከእርጥብ ጨርቅ በታች ተኮስነው። ከውስጥ ካልገለበጡት አይታይም። በእጅ ሲዳብሱት ግን አለ። የትኛውም ስፌት ከዳሰሳ አያመልጥም።

እግራቸው ሻል ሲላቸው እያነከሱ እማማ ዘሀራ ቤት አብረውኝ ሄዱ። ዝናብ ያባራበትን ቀን መርጠን፣ ከቀትር በኋላ፣ ቀሚሱን ክንዳቸው ላይ ዘርግተው። እማማ ዘሀራ ተቀብለው ከላይ እስከ ታች ዳበሱት። ጣታቸው ስፌቱ ላይ ቆመ፣ አለፈ። ችንካሩ ላይ ሰቀሉት። ረውዳ እንድትወስድ ሌላ አሻንጉሊት ይዘንላት ነበር፤ እትዬ ስንዱ መሬት ተቀምጠው ስለ ከብቱ እያወሩ ቢጠብቁ ቢጠብቁ ልጅቱ አልመጣችም። ይዘናት ተመለስን። እትዬ ስንዱ አሻንጉሊት ይዘው ሲመለሱ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት እትዬ ስንዱ አረፉ። ቀብራቸው ላይ የማኅበሩ እስላም ሴቶች ሁሉ ነበርን። እኔ ከዚያ ወዲያ ውጫሌ ገበያ በሄድኩ ቁጥር እማማ ዘሀራ ቤት ሳልደርስ አልመለስም ነበር። መጀመሪያ ደጅ ነበር የሚያስቀምጡኝ። ኋላ ውስጥ አስገቡኝ። ኋላማ ከቀረሁ «ምነዋ ሉባባ፣ ጠላሽን እንዴ?» እያሉ ይልኩብኝ ጀመር። ቀሚሱ ችንካሩ ላይ ነው። በየጊዜው ያጥቡታል፣ ያሰጡታል፣ መልሰው ይሰቅሉታል። ስለሰዓዳ ሲያወሩ «ስትመጣ» ነው የሚሉት። እኔም «ኢንሻአላህ» እላለሁ።

ባለፈው በጋ ሰይድ ሐይቅ ድረስ መጣብኝ። ሥራ ላቆም ዕቃዬን የምሰበስብበት ሰሞን ነበር። ፊቱን ሳየው አወቅኩት። ከሰዓዳ ጋር አንድ ከተማ ትሠራ የነበረች ልጅ ተመልሳ ነግራዋለች። ሰዓዳ ታማ ነው የሞተችው፣ እዚያው ነው የተቀበረችው። «እማ አንቺን ዘመዷ አርጋሻለች፤ ካላንቺ አልነግራትም» አለኝ። እንዴት እግሬ ይሂድልኝ? ግን እንቢ ማለት ከየት ይመጣል።

በማለዳ ሄድን። ሸህ ዑመር ከፊት፣ እኔ ከመሃል፣ ሰይድ ከኋላ። ሌሎች ዘመዶች ከመንደሩ በታች ጥሪ እየጠበቁ ቀሩ። እማማ ዘሀራ ደጃፉን እየጠረጉ ነበር። አዩን። መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፉት። አልጮኹም። ባዶ እጄን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ግቡ» አሉ። ገባን። ሰሌን አነጠፉልን። ረውዳም ቆማ ነበር፣ ጥርሶቿ ተለዋውጠው፣ ቁመቷ ጨምሮ። ሸህ ዑመር ጉሮሯቸውን ጠርገው «ኢናሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» ብለው መርዶውን ጀመሩ። እማማ ዘሀራ እጃቸውን አንሥተው አስቆሟቸው። ሰይድን ነው የጠየቁት።

«መቼ?»

«ቆይቷል እማ።»

«መቼ ነው ያልኩህ?»

ሰይድ መሬቱን እያየ «ያን ክረምት ከመምጣታችን በፊት። በፊቱ በነበረው ረመዳን» አለ።

እማማ ዘሀራ ከንፈራቸው እየተንቀሳቀሰ ሲያሰሉ ቆዩ። «ታዲያ ያን ቀን ልክ ነበርኩ» አሉ። «ለቅሶዬን አቋረጣችሁኝ።»

እሳቸው ተነሥተው ቀሚሱን ከችንካሩ አወረዱና ጭኔ ላይ አኖሩት። «ቁረጪው» አሉኝ። «ለረውዳ።»

«እማማ ዘሀራ፣ ይቆይ፤ ለቅሶው ይለፍና ወስጄ...»

«እዚሁ። አሁን።»

ረውዳ ሳይነግሯት መቀሱን አመጣችልኝ። ፊቴ ተንበርክካ የቀሚሱን ጫፍ በሁለት እጇ ወጥራ ያዘችልኝ። ዓይኔ አበባውን ከመደቡ አይለይልኝም። በጣቴ እየዳበስኩ የእትዬ ስንዱን ስፌት ፈለግኩት፣ አገኘሁት፣ መቀሱን እዚያ ላይ አስገባሁ። ጨርቁ ቀጭ ሲል እማማ ዘሀራ ጮኹ። ያን ጊዜ መንደሩ ተነሣ።